የይመር ልጆች፦ ከሯጭ ቤት የወጡ ሁለት የቴኒስ ተጫዋቾች

በሀገራችን ስፖርት ሲባል መጀመሪያ የሚነሣው ሩጫ ነው፤ ቀጥሎ እግር ኳስ። ተማሪዎቻችንን «ታዋቂ ስፖርተኞች ጥቀሱ» ብንላቸው አበበ ቢቂላን፣ ምሩፅ ይፍጠርን፣ ደራርቱ ቱሉን፣ ኃይሌን፣ ቀነኒሳን ይደረድሩልናል። የቴኒስ ተጫዋች የሚጠራ ግን አይገኝም። አይፈረድባቸውም፤ እኛ መምህራኑ ብንጠየቅም ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። ስለዚህ በዚህ እትም ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወልደው ስዊድን ውስጥ ስላደጉ ሁለት ወንድማማቾች እንጽፋለን፤ በተለይም ገና በ18 ዓመቱ የአንድ ሀገር ተስፋ ስለተጣለበት ስለ ታላቁ፣ ስለ ኤልያስ ይመር። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ ስሙ። ኤልያስ ኤፕሪል 10 ቀን 1996 ስካራ በምትባል ከተማ ተወለደ። ታናሹ ሚካኤል ደግሞ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1998 በአቅራቢያዋ ባለችው በስኮቭዴ ተወለደ። አባታቸው አቶ ወንድወሰን ይመር፣ እናታቸው ዶክተር ቀለመወርቅ ይባላሉ። እንግዲህ በእኛ ወግ ልጁ መባል የነበረበት «ኤልያስ ወንድወሰን» ነው። ፈረንጅ ግን የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይይዘዋል፤ ይኸው ነገር በመታወቂያና በራሽን ካርድ ላይ ስንቶቻችንን እንዳደናገረ መቼም አንባቢ ያውቃል። እዚህ ላይ ግን ክፉ አልሆነም እንላለን። ወሎ ውስጥ በየመንደሩ የሚጠራው «ይመር» የሚለው ስም በለንደን፣ በፓሪስ፣ በኒው ዮርክና በሜልቦርን የውጤት ሰሌዳ ላይ ወጣ። የሚገርመው ደግሞ ስዊድኖቹ ራሳቸው በጥንታዊ ተረታቸው ውስጥ ይመር የሚባል ግዙፍ ፍጡር አላቸው፤ ሰማይ ከራስ ቅሉ፣ ባሕር ከደሙ ተሠራ ይላሉ።

አቶ ወንድወሰን የረጅም ርቀት ሯጭ ነበሩ። በ1980ዎቹ ለኢትዮጵያ ሩጫ ጊዜው ምን ያህል ከባድ እንደነበር ትልልቆቹ ያስታውሳሉ። ምሩፅ በ1980 ሞስኮ ላይ ሁለት ወርቅ ካመጣ በኋላ ሀገሪቱ በ1984 ሎስ አንጀለስም፣ በ1988 ሴኡልም አልሄደችም። በጥሩ ጉልበታቸው ላይ የነበሩ ልጆች በፖለቲካ ምክንያት ሁለት ኦሊምፒክ አለፋቸው። ያም ሆኖ ከሩጫ ዓለም የመጣ አባት ለልጆቹ ሜዳሊያ ባያወርስ እንኳ ሌላ ነገር ያወርሳል፤ በጠዋት መነሣትን፣ ሳይታከቱ መደጋገምን፣ ሲደክም አለማቆምን። እናትየው ደግሞ ሐኪም ናቸው። እንግዲህ በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ትምህርት ነበረ ማለት ነው፤ የእግርና የመጽሐፍ።

ታዲያ የሯጭ ልጅ ለምን ሯጭ አልሆነም? እኛ መልሱን ከቤቱ ይልቅ በከተማው ውስጥ እናገኘዋለን።

ስካራ ትንሽ ናት። ነዋሪዋ ዐሥር ሺህ ቢሆን ነው። በደቡብ ስዊድን፣ በሁለት ትልልቅ ሐይቆች መካከል የምትገኝ፣ ጥንታዊ ካቴድራል ያላት የገጠር ከተማ ነች። ከብዙ ካምፖች ሕዝብ እንኳ ታንሳለች። ግን በስዊድን እንዲህ ያሉ ትንንሽ ከተሞች ሳይቀሩ የቴኒስ ክለብ አላቸው፤ በክረምት ደግሞ በረዶው ስለማያስወጣ ጣሪያ ያለው የቴኒስ አዳራሽ ይገነባል። ብዙዎቹ አዳራሾች የተሠሩት በማዘጋጃ ቤት ገንዘብ ወይም ድጋፍ ነው። ክለቡን የሚያንቀሳቅሱት ወላጆችና በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቦርሳውን ይዞ በቀጥታ ወደዚያ መሄድ ይችላል። የሀብታም ልጅ መሆን አይጠበቅበትም።

ይህ ነገር በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። በ1956 የተወለደ፣ ከስቶክሆልም አጠገብ ባለችው ሶደርተልየ ያደገ ቢዮን ቦርግ የሚባል ልጅ ነበር። አባቱ በጠረጴዛ ቴኒስ ውድድር ተሸልመው ያመጡትን ራኬት ሰጡት። ልጁ ኳሱን ከጋራዥ በር ጋር ሲያጋጭ ይውል ነበር ይባላል። ያ ልጅ የፈረንሳይን ውድድር 6 ጊዜ፣ ዊምብልደንን ደግሞ ከ1976 እስከ 1980 በተከታታይ 5 ጊዜ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የስዊድን ልጅ ሁሉ ራኬት ያዘ። ማትስ ቪላንደር በ1982 በ17 ዓመቱ ፓሪስ ላይ ሻምፒዮን ሆነ። በ1988 ደግሞ በወንዶች አራቱንም ታላላቅ ውድድሮች፣ ግራንድ ስላም የሚባሉትን፣ ስዊድናውያን ወሰዷቸው፤ ሦስቱን ቪላንደር፣ ዊምብልደንን ስቴፋን ኤድበርግ። የሀገሩ ሕዝብ ያኔ ከ9 ሚሊዮን በታች ነበር። አስቡት! ይህ የሆነው የስዊድን ልጆች የተለየ ክንድ ስላላቸው አይደለም። ሜዳው ክፍት ስለነበረ፣ በሜዳው ላይም የሚመለከታቸው አሠልጣኝ ስለነበረ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ብናስታውስ አይከፋም። ከ2023ቱ ጦርነት በፊት በኻርቱም አል-ጣኢፍ ሰፈር የኖሩ ልጆች አሁን ከተማሪዎቻችን መካከል አሉ። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል በሰፈሩ ባዶ ሜዳ አቧራ ውስጥ ኳስ ይጫወቱ ነበር፤ ሱዳኑ፣ ሐበሻው፣ ደቡብ ሱዳኑ ተቀላቅሎ። ለእግር ኳስ አንድ ኳስና አራት ድንጋይ ይበቃል። ለሩጫ ደግሞ እሱም አያስፈልግም። ቴኒስ ግን ሌላ ነው። የተለካ ሜዳ፣ መረብ፣ ራኬት፣ ቶሎ ቶሎ የሚበጠስ ጅማት፣ ነጥሮ የሚመለስ ኳስ ይፈልጋል። ስለዚህ በአብዛኛው ዓለም ከግንብ በስተጀርባ ያለ ጨዋታ ነው። ከሯጭ ሀገር ሯጭ የሚወጣው በደም ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን አንስማማም። በኢትዮጵያ ለድሃ ልጅ ክፍት ሆኖ የቆየው ሜዳ አስፋልቱና ኮረብታው ስለሆነ ነው። የወንድወሰን ልጆች ስካራ ሲያድጉ ክፍት ሆኖ ያገኙት ሜዳ ሌላ ነበር፤ እነሱም በዚያ ገቡ።

ሜዳው ብቻም አይበቃም፤ የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል። ይህን ለማስረዳት ከአፍሪካ አንድ ታሪክ እንጥቀስ። በ1971 አርተር አሽ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ የቴኒስ ሻምፒዮን ካሜሩንን ሲጎበኝ ያውንዴ ላይ የ11 ዓመት ልጅ ሲጫወት አየ፤ ራኬት ሰጠው፤ ለፈረንሳይ ቴኒስ ኃላፊዎችም ነገረለት። ልጁ ያኒክ ኖኅ ነበር። ፈረንሳይ ሄዶ ሠለጠነና በ1983 የፈረንሳይን ውድድር አሸነፈ፤ በፍጻሜው ያሸነፈውም ያንኑ ስዊድናዊ ቪላንደርን ነው። አሽ በዚያ ቀን በዚያ ሜዳ ባያልፍ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

ወደ ኤልያስ እንመለስ። በልጅነቱ እግር ኳስም ይጫወት ነበር፤ ኋላ ቴኒስን መረጠ። ታናሹም ተከተለው። ራፋኤል የሚባል ሦስተኛ ወንድም አላቸው፤ እሱም ራኬት ይዟል። አንድ ወንድም ከሌላው ጋር መጫወት መቻሉ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ ቴኒስ ብቻውን የማይጫወቱት ጨዋታ ነውና ሁልጊዜ ተጋጣሚ ቤት ውስጥ አለ ማለት ነው። ጎበዝነቱ ሲታወቅ ከትንሿ ከተማ ወጥቶ በስቶክሆልም አካባቢ ወዳለ «ጉድ ቱ ግሬት» ወደሚባል አካዳሚ ገባ። ይህን አካዳሚ በ2011 ያቋቋሙት ሦስት የቀድሞ ተጫዋቾች ናቸው፤ ማግኑስ ኖርማን፣ ሚካኤል ቲልስትሮምና ኒክላስ ኩልቲ። ኖርማን በ2000 የዓለም 2ኛ የነበረ ሰው ነው።

ያ ጊዜ ለስዊድን ቴኒስ የድርቅ ጊዜ ነበር። የመጨረሻው ታላቅ ተጫዋቻቸው ሮቢን ሶደርሊንግ በ2009 ፓሪስ ላይ ናዳልን ያሸነፈ ጀግና ነበር፤ በ2011 ግን ታመመና ከዚያ በኋላ ወደ ውድድር አልተመለሰም። ቦርግን፣ ቪላንደርን፣ ኤድበርግን ያወጣች ሀገር በዐይኗ ሰው ትፈልግ ጀመር። ያየችውም የኢትዮጵያውያንን ልጅ ነው። ለአንድ ብላቴና ይህ ክብርም ሸክምም ነው።

አሁን የሒሳብ መምህራን ይርዱን። በአንድ ግራንድ ስላም ውድድር በወንዶች ነጠላ ጨዋታ 128 ሰው ይገባል። ከነዚህ 104ቱ በዓለም ደረጃቸው በቀጥታ ይገባሉ። 8ቱ በልዩ ግብዣ ይገባሉ። የቀሩት 16 ቦታዎች የማጣሪያ ናቸው፤ ለነሱ ደግሞ ሌላ 128 ሰው ይታገላል። ማጣሪያውን ለማለፍ ሦስት ጨዋታ ማሸነፍ የግድ ነው፤ አንዱን ከተሸነፉ ሻንጣ ማንሣት ነው። ማጣሪያ የሚጫወት ሰው ስሙ በጋዜጣ አይወጣም፤ ተመልካቹም ጥቂት ነው።

በ2015 ኤልያስ ይህን በር አራት ጊዜ አንኳኳ። ጃኑዋሪ ላይ በሜልቦርን፣ ቀጥሎ በፓሪስ፣ ቀጥሎ በዊምብልደን፣ በመጨረሻ በኒው ዮርክ። አራቱንም ማጣሪያዎች አለፈ። 4 ጊዜ 3 ሲባዛ 12 ነው፤ ዐሥራ ሁለት የማጣሪያ ጨዋታ፣ አንድም ሽንፈት የለም። ሲጀምር የ18 ዓመት ልጅ ነበር፤ ሲጨርስ 19። ከባለ ደረጃ አዋቂዎች ጋር ነው ይህን ያደረገው። በኤፕሪልም ባርሴሎና ላይ ከአንድ ዓመት በፊት በዊምብልደን ናዳልን ጥሎ የነበረውን አውስትራሊያዊ ኒክ ኪርዮስን አሸነፈ። በጁን ጣልያን ውስጥ ካልታኒሴታ ላይ የመጀመሪያውን የቻሌንጀር ዋንጫ አነሣ፤ ቻሌንጀር ከትልቁ ደረጃ አንድ ዝቅ ያለ ውድድር ነው።

ግን ሐቁን ሁሉ እንናገር። በአራቱም ግራንድ ስላም ማጣሪያውን ካለፈ በኋላ በዋናው ውድድር በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈ። ማለፍና መቀመጥ የተለያዩ ናቸው። ለዳፊ ስኮላርሺፕ ፈተና አልፎ ቃለ መጠይቅ ላይ የቀረ ተማሪ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

የዚያ ዓመት ዊምብልደን ለቤተሰቡ ልዩ ነበር። ታላቁ በአዋቂዎቹ፣ የ16 ዓመቱ ታናሽ በታዳጊዎቹ፣ ሁለቱም በአንድ ሣር ላይ! ኤልያስ የደረሰው ክሮኤሺያዊው ኢቮ ካርሎቪች ነበር፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ11። እንዲህ ያለ ሰው ኳሱን አስነሥቶ ሲመታ (ሰርቭ ይሉታል) ከፎቅ ላይ እንደሚወረወር ድንጋይ ነው። ኤልያስ የመጀመሪያውን ሰት ወሰደበት፤ ከዚያ ሦስቱን ተሸነፈ። ሚካኤል ደግሞ በታዳጊዎች እስከ ፍጻሜ ደረሰ። ፍጻሜው ላይ ማን ቢያጋጥመው ጥሩ ነው? ራይሊ ኦፔልካ የተባለ አሜሪካዊ፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ11! በሁለት ሰት፣ 7 ለ6 እና 6 ለ4 ተሸነፈ። የይመር ልጆች በአንድ ውድድር ሁለት ግዙፎች ፊት ቆሙ ማለት ነው፤ ተረቱ ውስጥ ግዙፉ ይመር ራሱ የነበረ ቢሆንም።

ቴኒስን አይተው ለማያውቁ አንባቢዎች ስለ አቆጣጠሩ አንድ ነገር እንበል። ነጥቡ 15፣ 30፣ 40 እየተባለ ይሄዳል፤ ከዚያ አንድ ጌም ይሆናል። ስድስት ጌም በሁለት ልዩነት ቀድሞ ያገኘ አንድ ሰት ይወስዳል። በግራንድ ስላም ወንዶች ሦስት ሰት ቀድሞ የወሰደ ያሸንፋል። ልብ በሉ፣ በዚህ ጨዋታ ሰዓት አያልቅም። እግር ኳስ 90 ደቂቃ ሲሞላ ያበቃል፤ ቴኒስ ግን የመጨረሻውን ነጥብ አንዱ ካላሸነፈ አያልቅም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ድረስ የተሸነፈ ሰው የለም። ይህ ወደ ታች ለምንተርከው ይጠቅመናል።

ከ2015 በኋላ ኤልያስ ወደ ላይ ይወነጨፋል ተብሎ ተጠበቀ። አልተወነጨፈም። ቀስ እያለ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ከፍተኛ ደረጃው የተመዘገበው ጁን 11 ቀን 2018 ነው፤ የዓለም 105ኛ። እንግዲህ ከላይ የሰጠናችሁን ቁጥር አስታውሱ። በቀጥታ የሚገቡት 104 ናቸው። 105ኛ ማለት በሩ ላይ የቆመ የመጀመሪያው ሰው ማለት ነው። አንዳንዴ ከፊት ያለ ሰው ሲታመም ወይም ሲቀር ዝርዝሩ ዝቅ ይልና ወደ ውስጥ ይገባል፤ አንዳንዴ ደግሞ አይገባም። በምድር ላይ በቢሊዮን ከሚቆጠር ሰው 105ኛ መሆን ምን ያህል እንደሆነ እየታወቀ፣ ጋዜጠኞች ግን «ያልተሟላ ተስፋ» እያሉ ይጽፉበት ጀመር። እኛ በዚህ አንስማማም። ተስፋውን የጣሉበት እነሱ ናቸው፤ እሱ የሚችለውን ያህል ተጫውቷል። በፌብሩዋሪ 2022 ህንድ ውስጥ ፑኔ ላይ የውድድሩን አንደኛ ተመራጭ አስላን ካራትሴቭን አሸንፎ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ሲደርስ 25 ዓመቱ ነበር። የ18 ዓመት ልጅ እያለ ሲጠበቅ የነበረው ነገር በ25 ዓመቱ፣ ማንም በማይጠብቅበት ጊዜ መጣ።

ታናሹ ቀደመው። ሚካኤል በ2019 ብቻ አራት የቻሌንጀር ዋንጫ አንሥቶ በዚያው ዓመት ሚላን ላይ ለምርጥ ወጣቶች በሚዘጋጀው ውድድር ተካፈለ። በ2021 ፓሪስ ላይ ጋኤል ሞንፊስን አሸንፎ ሦስተኛ ዙር ገባ፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ዊንስተን-ሳሌም ለፍጻሜ ደረሰ። በኤፕሪል 2023 የዓለም 50ኛ ሆነ። በዚያ ክረምት በዊምብልደን ሁለተኛ ዙር ከአሜሪካዊው ቴይለር ፍሪትዝ ጋር ሲጫወት ሁለት ሰት ለባዶ ተመርቶ ነበር። ብዙ ሰው ቴሌቪዥኑን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው። ሚካኤል ቀጣዮቹን ሦስት ሰት 6 ለ3፣ 6 ለ4፣ 6 ለ2 ወስዶ አሸነፈ። በሳንባ የሚሸነፍ ልጅ አልነበረም፤ የአባትየው ሩጫ የወጣው እዚህ ላይ ይመስለናል።

ከዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነገሩ ተገለበጠ። ትልልቅ ስፖርተኞች ለአበረታች መድኃኒት ምርመራ በየቀኑ የት እንደሚገኙ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚገኙ አስቀድመው ማስመዝገብ አለባቸው። በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ በተመዘገበው ቦታ ካልተገኙ ይቀጣሉ። በሚካኤል ደም ወይም ሽንት ውስጥ የተገኘ መድኃኒት የለም፤ የተከሰሰው ሦስት ጊዜ ባለመገኘቱ ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ነፃ አውጥቶት ነበር፤ በይግባኝ ግን የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ በጁላይ 2023 ለ18 ወር አገደው። በኦገስት መጫወት ማቆሙን አስታወቀ። ገና 24 ዓመቱ ነበር። ፍርዱ ትክክል ነው አይደለም ለማለት እኛ ዳኞች አይደለንም። ኤልያስ ግን ከዚያም በኋላ መጫወቱን ቀጠለ፤ ቻሌንጀርና ማጣሪያ፣ ማጣሪያና ቻሌንጀር።

ተማሪዎች አንድ ነገር ይጠይቁናል፦ ኢትዮጵያውያን ናቸው ወይስ ስዊድናውያን? የሚጫወቱት ለስዊድን ነው፤ ያሳደገቻቸው ሜዳም የስዊድን ናት። ስማቸው ደግሞ ይመር ነው። ሁለቱን ለመለያየት የሚያስገድድ ነገር አይታየንም።

ከሁሉም የወደድነውን ለመጨረሻ አስቀርተነዋል። በኦክቶበር 2016 የስቶክሆልም ውድድር በሮያል ቴኒስ አዳራሽ ተካሄደ። ይህ አዳራሽ በ1943 የተከፈተ ነው፤ ንጉሥ ጉስታፍ አምስተኛ ራሳቸው ቴኒስ ይጫወቱ ነበር፤ በውድድር ሲገቡም «ሚስተር ጂ» በሚል ስም ይመዘገቡ ነበር ይባላል። የይመር ልጆች በጥንድ ጨዋታ በልዩ ግብዣ ገቡ፤ ታላቁ 20፣ ታናሹ 18 ዓመት። አብረው ያሸንፋሉ ብሎ የገመተ ብዙ ሰው አልነበረም። ፍጻሜ ደረሱ። በፍጻሜው የገጠሟቸው ማቴ ፓቪችና ማይክል ቬኑስ ጥንድ ጨዋታ ሥራቸው የሆነ ባለሙያዎች ነበሩ። ወንድማማቾቹ 6 ለ1፣ 6 ለ1 አሸነፏቸው። በንጉሡ አዳራሽ ውስጥ ዋንጫው የተሰጠው ለይመርና ለይመር ነበር።